በአንድ መጽሐፍ ያልተጠረዘ ሕገ መንግሥት



ፊደል ስንቆጥር ሁላችንም ከሰማናቸው ምሳሌያዊ አነጋገሮች አንዱ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ነው። እውነት ነው። ዛሬ የምናጠናው ግን ይህን አባባል የሚፈትን ነገር ነው። የበላይ ሕጉን በአንድ መጽሐፍ ሳያሰፍር ብዙ መቶ ዓመት የኖረ አገር አለ። ይኸውም እንግሊዝ የምንለው፣ በሙሉ ስሙ የታላቋ ብሪታንያና የሰሜን አየርላንድ የተባበረ መንግሥት ነው። እንዲህ ያሉ አገሮች በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ኒውዚላንድና እስራኤልም ከነዚሁ ይመደባሉ። እኛ የምናየው የእንግሊዝን ነው። «በእኛ አቆጣጠር» ካላልኩ በቀር ዓመቶቹን የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ቃሉን እንያዝ። ሕገ መንግሥት ማለት ማን እንደሚገዛ፣ በምን ሥልጣን እንደሚገዛ፣ ሥልጣኑ የት ላይ እንደሚያበቃ፣ ሕዝቡም ምን መብት እንዳለው የሚወስን ሕግ ነው። ሌላው ሕግ ሁሉ፣ የመሬቱም የግብሩም የወንጀሉም፣ ከእሱ በታች ነው። አብዛኞቹ አገሮች ይህን ሕግ ምዕራፍና አንቀጽ ሰጥተው በአንድ ጥራዝ አትመውታል።

«ይህን ማወቅ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» ትሉ ይሆናል። ነገሩ እንግሊዝን ለማወቅ ብቻ አይደለም። ሥልጣን የያዘ ሰው «ይህንንስ አታደርግም!» የሚባለው በምን ኃይል ነው? በወረቀት ነው? በዳኛ ነው? ወይስ በልማድ? ይህን ጥያቄ ይዛችሁ አንብቡ።

ሰነዱ የት የት ነው ያለው?

«ያልተጻፈ» የሚለው ቃል እንዳያሳስታችሁ። በእንግሊዝ ሕገ መንግሥት ውስጥ የተጻፈው ብዙ ነው። የጎደለው ጽሑፉ ሳይሆን ጥራዙ ነው። እስቲ የአንድ አባወራ ቤት አስቡ። የግብር ደረሰኙ ተጠቅልሎ ሙዳይ ውስጥ ተቀምጧል። ከወንድሙ ጋር ተካሶ የተፈረደለት ውሳኔ ሣጥን ግርጌ አለ። የማሳው ወሰን ግን ወረቀት የለውም። የትኛው ድንጋይ፣ የትኛው ግራር እንደሆነ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ናቸው። ሰውየው «መብትህን አሳይ» ቢባል ሦስቱንም ይጠራል። የእንግሊዝ ሕገ መንግሥትም እንዲሁ ምክር ቤት ካወጣው አዋጅ፣ ዳኛ ከሰጠው ፍርድና ሹማምንት ከሚያከብሩት ልማድ ይለቀማል። ሊቃውንት የጻፏቸው መጻሕፍትም ይጠቀሳሉ። በ1844 ኤርስኪን ሜይ ስለ ፓርላማ አሠራር ያሳተመው መጽሐፍ እየታደሰ ዛሬም ይሠራበታል። ይህን ግን እንለፈው።

ከተጻፉት ሁሉ ስሙ የገነነው ማግና ካርታ ነው። ታላቁ ቻርተር ማለት ነው። ንጉሥ ጆን ግብር አበዛ፣ በፈረንሳይም ተዋግቶ ተሸነፈ። ባላባቶቹ ጦር ይዘው ተነሡበትና ለንደንን ያዙ። በ1215 በሰኔ ወር ቴምዝ ወንዝ ዳር፣ ራኒሚድ በሚባል መስክ ላይ፣ ንጉሡ ሳይወድ በግዱ ማኅተሙን አኖረበት። ማንም ነፃ ሰው በአቻዎቹ ፍርድ ወይም በአገሩ ሕግ ካልሆነ በቀር አይያዝም፣ አይታሰርም፣ ንብረቱም አይወሰድበትም የሚለው ቃል የዚያን ጊዜ ነው የገባው። ሦስት ወር ሳይሞላ ጆን ከሮማው ጳጳስ ዘንድ የመሻሪያ ደብዳቤ አወጣ። በሚቀጥለው ዓመት ግን ሞተ። ቻርተሩ በልጁ ስም ተሻሽሎ ታወጀ፣ በ1297ም ከአገሪቱ ሕጎች መዝገብ ገባ። ዛሬ ከቻርተሩ ጸንተው የቀሩት አንቀጾች ጥቂት ናቸው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ! ቻርተሩ «ነፃ ሰው» ነው የሚለው። በዚያን ዘመን ከእንግሊዝ አራሽ ብዙው ነፃ አልነበረም። ከመሬቱ ጋር የታሰረ፣ ጌታው ሳይፈቅድለት ቀዬውን የማይለቅ ገባር ነበር። ለገባሩ የተጻፈለት ትንሽ ነገር ቢኖር፣ ሲቀጣ የእርሻ መተዳደሪያው እንዳይነካበት የሚል ነው። ስለዚህ ታላቁ ቻርተር ለሕዝብ ሁሉ የተሰጠ ስጦታ ነበር ብለው የሚያወድሱትን እኔ አልቀበልም። ባላባት ከንጉሥ ጋር ያደረገው ስምምነት ነው። ለአራሽ ይበልጥ የሚቀርበው ታናሽ ወንድሙ፣ በ1217 የወጣው የደን ቻርተር ነው። ነፃ ሰዎች በንጉሡ ደን ውስጥ አሳማ ለማሰማራት መብት አገኙ። አጋዘን በመግደሉም ማንም ሕይወቱን ወይም አካሉን እንዳያጣ ተደነገገ። የአጋዘን ሥጋ ከሰው አካል የሚበልጥበት ዘመን ነበር ማለት ነው። ይህ ቻርተር የተሻረው በ1971 ነው።

አራት መቶ ዓመት ያህል ወደፊት እንዝለል። ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ ያለ ምክር ቤት እገዛለሁ ብሎ ከፓርላማው ጋር ጦርነት ገጠመ፣ ተሸነፈ፣ በ1649 አንገቱን ተቀላ። ከዚህ በኋላ የሆነውን ብዙ ሰው አያውቀውም። እንግሊዝ በአንድ ጽሑፍ የሰፈረ ሕገ መንግሥት ነበራት! በ1653 በክሮምዌል ዘመን ወጣ፣ አራት ዓመት ሳይሞላው በ1657 በሌላ ተተካ። በ1660 ንጉሡ ሲመለስ ሁሉም ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ አንድ ወጥ መጽሐፍ ተጽፎ አያውቅም።

በ1688 ሌላው ንጉሥ፣ ዳግማዊ ጄምስ፣ ከአገር ሸሸ። በማግሥቱ ዓመት በ1689 የመብቶች ድንጋጌ ወጣ። ንጉሥ በገዛ ሥልጣኑ ሕግን አያግድም፣ ያለ ፓርላማ ፈቃድ ግብር አይጥልም፣ በሰላም ጊዜ ጦር አያቆምም፣ በፓርላማ ውስጥ ለተነገረ ቃልም ማንም በፍርድ ቤት አይጠየቅም ይላል። በ1701 የወጣው ሕግ ደግሞ ዳኛ ንጉሡ ስለከፋው ብቻ እንዳይሻር ከለከለ። በ1911 ያልተመረጡት የመኳንንቱ ምክር ቤት አባላት የገንዘብ አዋጅን የመጣል ሥልጣናቸውን አጡ። ሴቶች እንደ ወንዶች እኩል ድምፅ ያገኙት ገና በ1928 ነው። በ1998 የሰብአዊ መብት ሕግ ወጣ። እነዚህ ሁሉ እንደማንኛውም አዋጅ ናቸው፤ «እኔ ሕገ መንግሥት ነኝ» ብሎ የሚጀምር የለም።

ዳኛው የተናገረው

ከሦስቱ ምንጮች እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ይኸኛው ነው። በ1762 አንድ የንጉሡ ሚኒስትር አራት መልእክተኞች ወደ አንድ ጸሐፊ ቤት ላከ። ጸሐፊው ጆን ኤንቲክ ይባላል። መንግሥትን የሚነቅፍ ጋዜጣ ላይ ይጽፋል ተብሎ ነው። መልእክተኞቹ አራት ሰዓት ሙሉ ሣጥኑንና መሳቢያውን ከፋፍተው ወረቀቱን ሲበረብሩ ቆዩ፣ ብዙውንም ይዘው ሄዱ። ኤንቲክ ዝም አላለም፣ ከሰሳቸው። እነሱም «የሚኒስትሩ ትእዛዝ አለን» አሉ። በ1765 ዳኛው ሎርድ ካምደን የሰጠው መልስ ሲጠቃለል ይህ ነው፦ እንዲህ ያለ ሥልጣን ካለ በሕግ መጻሕፍት ውስጥ መገኘት አለበት፤ ፈልገን አላገኘነውም፤ ስለዚህ የለም። ኤንቲክ 300 ፓውንድ ካሣ ተፈረደለት።

የዚህ ፍርድ ትርጉም ከባድ ነው። ተራው ሰው ያልተከለከለውን ሁሉ ያደርጋል። ሹም ግን የተፈቀደለትን ብቻ ነው የሚያደርገው። ቤታችሁ የመጣ ሹም «የሚከለክለኝን ሕግ አሳዩኝ» ሊላችሁ አይችልም። የሚፈቅድለትን ሕግ ማሳየት ያለበት እሱ ነው። ይህን መብት ለእንግሊዞች ያወጀላቸው ንጉሥ የለም፣ ድምፅ የሰጠበትም ፓርላማ የለም። አንድ ሰው ስለ ወረቀቱ ተሟገተና ከፍርዱ ተወለደ።

ልማድ

በመስኖ የምታለሙ አንባቢዎች ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ዛሬ ውሃው የእገሌ ተራ ነው፣ ነገ የእገሊት። ተራውን የሚያስከብሩት የውሃ አባት ናቸው። ወረቀት የለውም። ሌሊት ቦዩን የሰበረ ሰው ግን ፍርድ ቤት ሳይደርስ ጎረቤት ይፈርድበታል። በአገራችን ድሮ «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው፣ ጉልበተኛም ቢሆን፣ ባለበት ይቆም ነበር። መንገደኛ ጠርተው ዳኛ አድርገው ይካሰሱ ነበር። ያንን የሚያዝ አዋጅ ስለነበረ አይደለም፣ እንቢ ማለት ነውር ስለነበረ ነው።

በእንግሊዝ የመንግሥት ሥራ ብዙው በእንዲህ ያለ ልማድ ላይ የቆመ ነው። ለምሳሌ ፓርላማ ያጸደቀው ሕግ የንጉሡ ወይም የንግሥቲቱ ፈቃድ ሳይታከልበት ሕግ አይሆንም። በወረቀት ከሄድን ንጉሡ «አልፈቅድም» ማለት ይችላል። ነገር ግን ከ1708 ወዲህ እንዲህ ያለ ንጉሥ የለም። ያኔ የከለከለችው ንግሥት አን ነበረች። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከተመራጮቹ ምክር ቤት መሆን አለበት የሚለውም ልማድ ነው። የምክር ቤቱን አመኔታ ያጣ መንግሥትም ይለቃል ወይም ምርጫ ይጠራል። በማርች 28 ቀን 1979 ጠቅላይ ሚኒስትር ጄምስ ካላሃን 311 ለ310፣ በአንድ ድምፅ ብቻ ተሸነፈ። ልቀቅ የሚል የተጻፈ ሕግ በወቅቱ አልነበረም። ሆኖም «ሕጉን አሳዩኝ» አላለም፤ ምርጫ ጠራ፣ በምርጫውም ተሸንፎ ሄደ።

ልማድ ግን እንደ ሰው ይወለዳል፣ ይታመማልም። ጦርነት የማወጅ ሥልጣን ድሮ የንጉሡ ነበር፤ ዛሬ በንጉሡ ስም የሚሠራበት መንግሥት ነው። በ2003 ወደ ኢራቅ ከመዝመት በፊት ምክር ቤቱ ድምፅ ሰጠ። በ2013 መንግሥት ሶሪያን ለመደብደብ ጠይቆ 285 ለ272 ተሸነፈ፣ ዕቅዱንም ተወ። «እንግዲህ ያለ ምክር ቤት ፈቃድ ጦርነት የለም የሚል ልማድ ተተከለ» ተባለ። በ2018 ግን ሌላ መንግሥት ምክር ቤቱን ሳይጠይቅ ሶሪያን ደበደበ። ታዲያ ልማዱ አለ ወይስ የለም?

ይህን ትምህርት በንባብ ክበብ ሳካፍል አንድ አዛውንት አባት እጃቸውን አነሡና «ልጄ፣ የወሰኑን ድንጋይ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ራሳቸው ቢጣሉስ?» ብለው ጠየቁኝ። እዚህ ላይ ንባቡን አቁማችሁ ጥቂት ተወያዩበት። ጥያቄያቸው የጉዳዩ እምብርት ነው።

አደጋው የት ላይ ነው?

በ2017 ይኸው ጥያቄ እንግሊዝ ውስጥ ዳኞች ፊት ቀርቧል። የለንደኑ ፓርላማ ለስኮትላንድ ምክር ቤት በተሰጡ ጉዳዮች ላይ ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ ሕግ እንዳያወጣ ልማድ አለ። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣ ይህ ልማድ ይከበር ወይ ተብሎ ተጠየቀ። የአገሪቱ የበላይ ፍርድ ቤት የሰጠው መልስ፣ ልማድን ማስከበር የፖለቲከኞች ነገር ነው፣ ዳኛ ልማድ መኖሩን ይመለከታል እንጂ በግድ አያስፈጽምም የሚል ነበር። እንግዲህ ሽማግሌዎቹ ከተጣሉ ዳኛውም አይገላግላቸውም።

ሁለተኛው አደጋ ይብሳል። በእንግሊዝ ፓርላማ የማይሽረው ሕግ የለም፤ ለመሻርም ተራ የድምፅ ብልጫ ይበቃል። በሌሎች አገሮች ሕገ መንግሥቱን ለመለወጥ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ወይም የሕዝብ ውሳኔ ይጠየቃል። ዳኛም ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ አዋጅ ሊሽር ይችላል። እንግሊዝ አገር ዳኛ የፓርላማን አዋጅ አይሽርም። በኖቬምበር 2023 የበላይ ፍርድ ቤቱ ስደተኞችን ወደ ሩዋንዳ መላክ ሕገ ወጥ ነው፣ ወደ ሸሹበት አገር ተመልሰው ሊላኩ ይችላሉ ሲል በአንድ ድምፅ ፈረደ። በኤፕሪል 2024 ፓርላማው «ሩዋንዳ ለስደተኛ ደህና አገር ናት» የሚል አዋጅ አወጣ። ዳኞች በመረጃ የደረሱበትን ነገር በድምፅ ብልጫ ገለበጡት ማለት ነው። ዕቅዱ የተሰረዘው ዳኛ ስለከለከለ ሳይሆን በዚያው ዓመት በጁላይ በተደረገው ምርጫ መንግሥቱ ስለተለወጠ ነው።

ሌላም አለ። በ1911 በወጣው ሕግ የምክር ቤቱ ዕድሜ 5 ዓመት ነበር። ነገር ግን በታኅሣሥ 1910 የተመረጠው ምክር ቤት በጦርነቱ ምክንያት የራሱን ዕድሜ እያራዘመ እስከ 1918 ተቀመጠ። በ1935 የተመረጠውም እንዲሁ እስከ 1945። ጦርነቱ ሲያበቃ ምርጫ ተደረገ፣ ጥሩ ነው። ምርጫውን ያመጣው ግን የተወካዮቹ ይሉኝታና የሕዝቡ ዓይን እንጂ አስገዳጅ መጽሐፍ አልነበረም።

«እንዲያ ከሆነ ይጻፍና ይገላገሉ!» የሚል ይኖራል። እዚያው እንግሊዝ ውስጥም እንዲህ የሚሉ ብዙ ናቸው። መጻፉን እኔም እደግፋለሁ፤ ያነበበ ሰው ሲከራከር ጣቱን የሚያሳርፍበት መስመር ማግኘቱ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ወረቀት ብቻውን ምን ያህል እንደሚጠብቅ ከአገራችን ታሪክ እንይ። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት ያገኘችው በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። አንቀጽ ነበረው፣ ሁለት ምክር ቤትም አቁሟል። ይሁን እንጂ የንጉሠ ነገሥቱ ሰውነት ቅዱስ፣ ሥልጣናቸውም የማይገሰስ ነው ይል ነበር። የአንዱን ምክር ቤት አባላት የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ፣ የሌላውን የሚመርጡት መኳንንቱና የአገር ሹማምንት ነበሩ። ገበሬው የመረጠው ሰው አልነበረም። በደንብ የተጻፈ ሕግ ነው፤ የተጻፈው ግን ገዢውን ለማገድ አልነበረም።

ያልተጠረዘው ሕግ ደግሞ አንዳንዴ ያግዳል። በ2019 የሆነውን እንይ። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት የምትወጣበት ቀን፣ ኦክቶበር 31፣ ተቃርቧል። ምክር ቤቱ ከጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን ጋር አልተስማማም። ጆንሰን በኦገስት መጨረሻ ፓርላማው አምስት ሳምንት ያህል እንዲዘጋ ንግሥት ኤልሳቤጥን ጠየቀ። ንግሥቲቱ ፈቀደች፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የመከረውን መቀበል ልማድ ነውና። በሴፕቴምበር 9 ለ10 አጥቢያ ሌሊት ፓርላማው ተዘጋ።

ጂና ሚለር የተባለች ነጋዴ ለንደን ላይ ከሰሰች። አንዳንድ የምክር ቤት አባላት ደግሞ ስኮትላንድ ውስጥ ከሰሱ። የለንደኑ ፍርድ ቤት «ይህ የፖለቲካ ነገር ነው፣ አያገባንም» አለ። የስኮትላንዱ ይግባኝ ሰሚ ለከሳሾቹ ፈረደ። ሁለቱም ከአሥራ አንድ የበላይ ዳኞች ፊት ቀረቡ። እንግዲህ አስቡት፤ ዳኞቹ የሚገልጡት የሕገ መንግሥት መጽሐፍ የለም፤ ፓርላማን ከአምስት ሳምንት በላይ መዝጋት ክልክል ነው የሚል አንቀጽም የለም። ያደረጉት ነገር ቢኖር የቆዩትን ቁርጥራጮች መሰብሰብ ነበር። በ1610 ገደማ ኤድዋርድ ኩክ የተባለ ዳኛ፣ ንጉሥ የአገሩ ሕግ ከፈቀደለት ውጭ ሥልጣን የለውም ብሎ የፈረደውን አነሡ። ሕግ የሚያወጣው ፓርላማ ከሆነ፣ መንግሥትም ተጠያቂነቱ ለፓርላማ ከሆነ፣ ያለ በቂ ምክንያት ፓርላማውን የሚዘጋ ሰው ሁለቱንም መሠረቶች ይንዳል አሉ።

ሴፕቴምበር 24 ቀን፣ በእኛ መስከረም 13 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ የዳኞቹ ሰብሳቢ ብሬንዳ ሄል ፍርዱን አነበበች። አሥራ አንዱም አንድ ቃል ነበሩ። ለንግሥቲቱ የተሰጠው ምክር ሕገ ወጥ ነው፤ ስለዚህ የመዝጊያው ትእዛዝ ምንም ያልተጻፈበት ወረቀት ይዞ እንደ መግባት ነው የሚቆጠረው፤ ፓርላማው አልተዘጋም። በማግሥቱ ተወካዮቹ ወንበራቸው ላይ ተመለሱ። የመዘጋቱ ነገር ከምክር ቤቱ መዝገብ እንዲሰረዝ ተደረገ፣ በምትኩም ስብሰባው ለሌላ ቀን ተላልፎ ነበር ተብሎ ተጻፈ።